የሐሙስ ፈቃድ

ባለፈው ሰሞን የጡረታዬን ጉዳይ ላስጨርስ አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር። ጸሐፊዋ ደብዳቤውን ጨርሳ ማህተም ብትመታበት ግማሹ አልወጣ አላት። ማህተሙን አፏ አጠገብ አድርጋ በትንፋሿ አሞቀችውና ደግማ ስትመታው ወይን ጠጁ ቀለም ወረቀቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ወጣ። የቀለሙ ሽታ ከጠረጴዛው ተነሥቶ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ልጅቷ ደብዳቤውን ዘርግታ ትጠብቀኛለች፣ እኔ እጄን ማንሣት አቅቶኝ ቆሜያለሁ። «አዴ፣ ፋያዳ?» አለችኝ፤ እመቤቴ ደህና ነዎት ወይ ማለቷ ነው። ደህና ነኝ አልኳትና ወረቀቴን ይዤ ወጥቼ በሩ አጠገብ ካለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ዘፍ አልኩ። የሚያልፍ የሚያገድመው ጡረታዋን ቀንሰውባት ነው ሳይለኝ አልቀረም። እውነቱን ለመናገር ደህና አልነበርኩም። አርባ ዓመት ልጅ ሳስተምር «ውሸት እግሯ አጭር ነው» እያልኩ ስንቱን ቀጥቻለሁ። የእኔይቱ ግን እግሯ ረጅም ነበር፤ ይኸው እስከ ዛሬ ትሄዳለች። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ዛሬ ልጽፈው ነው።

ያኔ ከተማችንን ነቀምቴን ለቀምት እንላት ነበር። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ ንጉሡ በዙፋናቸው ላይ ነበሩ፣ እኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ፣ ይኸው ይበቃል። ዓመት ይጠፋብኛል እንጂ ዋጋ አይጠፋብኝም። በአምስት ሳንቲም ጉንጭ የሚነፋ ከረሜላ ሁለት ይሰጡናል። በስሙኒ የተገዛ ሙዝ ለአራት ልጅ ይተርፋል። የሴት ልጆች የትምህርት ቤት ልብስ ሰማያዊ ፖፕሊን ቀሚስ ሆኖ ኮሌታው ነጭ ነው። አባቴ ልብስ ሰፊ ስለነበር የእኔ ቀሚስ ከሁሉም የበለጠ ሽንሽን ነበረው፤ ስዞር እንደ ጃንጥላ ይከፈትልኛል፣ እኔም ያለ ምክንያት እዞራለሁ። ሸራ ጫማችንን ማታ አጥበን ጠዋት በጠመኔ እናነጣዋለን። የለቀምት ቀይ ጭቃ ግን ማንንም አይምርም፤ ከቤት ነጭ ጫማ አድርጋ የወጣች ልጅ ትምህርት ቤት የምትደርሰው ቀይ ጫማ አድርጋ ነው። አሁን መንገዱ አስፋልት ሆኗል፣ ጫማውም ከውጭ ይመጣል፣ የልጅ ልጆቼ ግን እንደኛ ጫማቸውን ቁልቁል እያዩ ሲኮሩ አይቼ አላውቅም።

ከፖስታ ቤቱ ዝቅ ብሎ፣ ባሕር ዛፎቹ ከሚያልቁበት ጥግ ላይ፣ ጋሽ ሸምሱ የሚባሉ የጉራጌ ነጋዴ ሱቅ ነበራቸው። ላምባው፣ ሳሙናው፣ አቡጀዲው፣ ብስኩቱ አንድ ላይ ይሸታል። ከሁሉ በላይ ግን ሬዲዮ ነበራቸው። ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ እንደ እንግዳ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ጋሽ ሸምሱ ጨርቁን ሲገልጡለት ሰው ሁሉ ዝም ይላል። ከሰዓት በኋላ ዘፈን የሚመረጥበት ሰዓት ነበረ። ከሱቁ ኋላ ባለው ሜዳ ላይ ቆመን እየሰማን ትከሻችንን እንሰብቃለን። ቤተሰባችን የወንጌል ሰው ስለነበር ቤታችን ውስጥ ዘፈን የሚባል ነገር አይነሣም፤ መዝሙር ብቻ ነው። እኔ ደግሞ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ መዝሙሩን በልቤ ዘፈኑን በትከሻዬ ነበር የምይዘው።

ቤት ውስጥ ኦሮምኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ፣ ገበያ ውስጥ ደግሞ ሁለቱም ተቀላቅለው ነው የሚነገሩት። ከኡኬ ገጠር ቅቤ ይዛ የመጣች ሴት በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ ትከራከርና በኦሮምኛ ትመርቃለች። አባቴ «የአስቴር ምላስ እንደ መቀሴ ነው፣ በሁለቱም በኩል ይቆርጣል» እያለ በደንበኞቹ ፊት ያሞግሰኛል። ከመሥሪያ ቤት ጉዳይ ያለበት ባላገር አባቴ ሱቅ ሲመጣ «ልጄን ይዘሃት ሂድ» ይለዋል። እኔም እሄዳለሁ፤ በሹማምንት ፊት ቆሜ የዚህን ለዚያ፣ የዚያን ለዚህ አቀብላለሁ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ትልልቅ ሰዎች የእኔን አፍ ሲጠብቁ ማየት እንዴት እንደሚጣፍጥ ልነግራችሁ አልችልም።

አሁን ወደ ሐሙስ ልምጣ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ግብረ ገብ የሚባል ትምህርት ነበር፤ የሚያስተምሩትም መሪጌታ ነበሩ። የእኛ የወንጌላውያኑ ወላጆች ቅር ይላቸው ነበር፣ እስላሞቹም እንዲሁ። «ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው» የሚለው አባባል በሰው ሁሉ አፍ ላይ በነበረበት ጊዜ ነው እንግዲህ። ዳይሬክተራችን የሸዋ ሰው ናቸው፤ ረጋ ብለው የሚናገሩ፣ ካኪ ኮታቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ኦሮምኛቸው ግን ከሰላምታ የማያልፍ። አስበው አስበው መላ አመጡ። ሐሙስ ከሰዓት የመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍለ ጊዜያት ለሃይማኖት ይሁኑ አሉ። የኦርቶዶክስ ልጆች ከመሪጌታ ጋር ይቀራሉ፣ የእስላም ልጆች ወደ ሼኩ ቤት ይሄዳሉ፣ እኛ ደግሞ ወደ ባርሲሳ ዋቅጅራ ቤት። ባርሲሳ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው፤ ዋቅጅራ ፀጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ድሮ በየገጠሩ በእግራቸው እየዞሩ ወንጌል ያስተማሩ አዛውንት ነበሩ።

ለየአንዳንዳችን ትንንሽ ሳጥኖች የተሰመሩበት ጠንካራ ካርድ ተሰጠን። በየሐሙሱ ትምህርቱ ሲያልቅ ባርሲሳ አንዱ ሳጥን ላይ ማህተም ያደርጋሉ፣ ዓርብ ጠዋት ካርዱ ለዳይሬክተሩ ታይቶ ይመለስልናል። ማህተም የሌለበት ልጅ በሚቀጥለው ሐሙስ ፈቃድ አያገኝም። ማህተሟ ከወይራ እንጨት የተቀረጸች፣ መሀሏ ላይ የበራ መብራት ያለባት ትንሽ ነገር ነበረች። ባርሲሳ ዓይናቸው ስለማያይ መብራቱን እየዘቀዘቁ ሲመቱት አንድ ቀን «ልጄ አስቴር፣ አንቺው አድርጊው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማህተሟና የቀለሙ ሙዳይ በእኔ ቦርሳ ውስጥ ሆኑ። የአሥራ ሁለት ልጆች አለቃ ሆንኩ ማለት ነው። ሐሙስ ከሰዓት ካርዶቹን ይዤ ከፊት እሄዳለሁ፣ እነሱ ሁለት ሁለት ሆነው ይከተላሉ፣ ሽንሽን ቀሚሴም ያውቅበታል።

ከአሥራ ሁለቱ አንዷ ጋዲሴ ነበረች። ቤታቸው ከከተማ ወጣ ብሎ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። አባቷ ኦቦ ተሲሳ፣ ኦቦ አቶ ማለት ነው፣ ገበሬም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም ነበሩ። ሴት ልጅ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከገባች ሃይማኖቷንም ባሏንም ታጣለች ይባል በነበረበት አገር፣ እሳቸው ጎረቤት እየሳቀባቸው ልጃቸውን ያስተማሩ ሰው ናቸው። የሐሙሱን ፈቃድ ወሬ ሲሰሙ ዳይሬክተሩ ዘንድ መጡ፤ ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። «እውነት በየሐሙሱ የእግዚአብሔርን ቃል ልትማር ትወጣለች?» ብለው ጠየቁ። አዎን ተባሉ። «እንግዲያስ ሐሙስ እስካለ ድረስ ልጄም አለች። ሐሙስ የቀረ ዕለት እሷም ትቀራለች፤ ባል የሚጠይቀኝ አላጣሁም» አሉ። አንድም ቃል ሳልጥል ነው ያስተረጎምኩት። ስለዚህ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

ጋዲሴ ክፍል ውስጥ ድምጿ አይሰማም። ስትጽፍ ከሁላችንም ታምራለች፣ ፈተና ላይ ሁልጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ነች፣ በአማርኛ ተናገሪ ሲሏት ግን አንገቷ ደረቷ ውስጥ ይገባል። አንድ ጊዜ «አባቴ መጣች» ብላ ክፍሉ በሙሉ ስለሳቀባት ከዚያ በኋላ አፏን ዘጋች። ከእኔ ጋር በኦሮምኛ ስታወራ ግን ማን ይቻላታል! መምህራኑን በየአካሄዳቸው እያስመሰለች ሆዴን ታሳምመኛለች። ዘይቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ታመጣልኛለች። አንድ ቅዳሜም ቤታቸው አድሬያለሁ፤ እናቷ ወተት አጠጡኝ፣ ኦቦ ተሲሳ ራሴን ዳብሰው «ይህች ልጅ የእኛ አፍ ናት» አሉኝ።

ከገና ዕረፍት በኋላ አንድ ሐሙስ ከባርሲሳ ቤት ስንደርስ ባለቤታቸው አዴ ሌንሴ በር ላይ ቆመው አገኘናቸው። ባርሲሳ ሳንባቸውን ታመው ተኝተዋል። «ልጄ አስቴር፣ ለዳይሬክተሩ ንገሪልኝ። እስኪሻላቸው ድረስ ልጆቹ ክፍላቸው ይቆዩ፣ ማህተሟንም አንቺው አስቀምጭልን» አሉኝ። እሺ አልኩ። ዞር ስል አሥራ ሁለት ልጆች ያዩኛል። ሁለት ክፍለ ጊዜ ባዶ ሰዓት፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ሬዲዮው የሚከፈትበት ሰዓት! ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ በልቤ። ሁላችንም ወደ ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ቁልቁል ሮጥን። ጋዲሴ ብቻ «እኔ እሳቸው ጋ እቀራለሁ» ብላ ገባች።

በነጋታው አልተናገርኩም። ካርዶቹን ራሴ አትሜ አስረከብኩ። ጋዲሴ «ነገርሻቸው?» ብትለኝ «ነግሬያቸዋለሁ፣ እስኪሻላቸው ውጡ ብለዋል» አልኳት፤ አመነችኝ። እንዲህ እያለ አምስት ሐሙስ ሄደ። እኛ ከሱቁ ጀርባ ትከሻችንን ስንሰብቅ እሷ ለበሽተኛው መዝሙረ ዳዊት ታነብላቸው፣ ለአዴ ሌንሴ ውኃ ትቀዳላቸው ነበር። ከፈረንጅ አገር የመጣ የሚመስለውን ያን ሁሉ ዘፈን ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ። በዚያ በአምስት ሐሙስ የተማርኩት እሱን ነው።

በስድስተኛው ዳይሬክተሩ ራሳቸው ለጉዳይ ወደ ፖስታ ቤት ሲወርዱ ልጆቹን በባሕር ዛፉ ሥር ቆርኪ ሲጫወቱ አዩአቸው። ወዲያው ካርዶቹን አስመጥተው ቢያዩ የአምስቱም ሐሙስ ታትሟል። የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ቢጠይቁት ሽማግሌው ከተኙ ከወር በላይ እንደሆናቸውና እቤታቸው ስትገባ ስትወጣ ያያት አንዲት ልጅ ብቻ፣ የኦቦ ተሲሳ ልጅ፣ መሆኗን ነገራቸው። ማታውን እኔን አስጠሩኝ። «አለቃዋ አንቺ ነሽ። ማህተሙን ማን ነው የመታው?» አሉኝ ረጋ ብለው። ዱላ አልፈራሁም፤ አባቴ ሴት ልጅ የሚመታ ሰው አልነበረም። የፈራሁት ከፊት መሄዴ እንዳይቀርብኝ ነው። ይኸው ነው፣ ሌላ ምክንያት ብፈልግ ብፈልግ አጣሁለት። «ማህተሙ ባርሲሳ ቤት ነው ያለው። የምትገባው ጋዲሴ ናት፤ እሷ ናት የምታትመው» አልኳቸው። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ አላደናቀፈኝም።

ዓርብ ዕለት ኦቦ ተሲሳ ተጠርተው መጡ። ቢሮው ውስጥ የንጉሡ ፎቶግራፍ፣ የአፍሪካ ካርታና አንድ የተሰበረ ሉል ነበሩ። ኦቦ ተሲሳ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ፤ ተቀመጡ ቢባሉም አልተቀመጡም። ጋዲሴ ከአጠገባቸው አንገቷን ደፍታለች። እኔ እንደ ልማዴ መሀል ቆምኩ፤ ሌላ የሚያስተረጉም ሰው አልተፈለገም፣ የታወቅኩ አስተርጓሚ ነኛ!

«ልጃቸው የመምህሩን ማህተም ያለ ፈቃድ እየመታች እንዳታለለችን ንገሪያቸው» አሉ ዳይሬክተሩ። ነገርኳቸው።

ኦቦ ተሲሳ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ኢንተለ ኮ፣ ዱጋዳ?» አሏት። ልጄ፣ እውነት ነው?

«ላኪ፣ አባ ኮ» አለች። አይደለም፣ አባቴ። ከዚያ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብላ፣ «እሄድ የነበረው ለባርሲሳ ላነብላቸው ነው። ተፈቅዷል ሲባል ሰምቼ ነው። ማህተሙን አንድ ቀን በእጄ ይዤው አላውቅም» አለች። ተፈቅዷል ያለቻት ማን እንደሆነች ስሟን አልጠራችም። ቀና ብላ አየችኝ ብቻ።

«ምን አለች?» አሉኝ ዳይሬክተሩ።

«አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ አለች» አልኩ።

ሰውየው መነጽራቸውን አወለቁ። ፊታቸው ሲለሰልስ አየሁት። «ካመነችማ ምን ቀረ። ጎበዝ ልጅ ናት፣ የሴት ልጅ ጎበዝ ደግሞ አይጣልም። ሰኞ ካርዷን ይዛ ትምጣ። ሐሙስም እንደ ወትሮው ከጓደኞቿ ጋር ትወጣለች። እኔ ራሴ ቁጭ ብዬ እመክራታለሁ፤ ንገሪያቸው» አሉ።

«ማል ጄዴ?» አሉ ኦቦ ተሲሳ። ምን አለ?

የሁለቱም ዓይን እኔ አፍ ላይ ነበር። ዳይሬክተሩ ሰኞ ቁጭ ብለው ሊያነጋግሯት ነው። ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፣ ቀስ ብለው ከጠየቋት እሷም ቀስ ብላ እንደምንም ትነግራቸዋለች፣ ነገሩም ይወጣል። እንባዬ መጣ፤ ለእሷ አልነበረም፣ ለራሴ ነበር። እያለቀስኩ ምን አልኳቸው መሰላችሁ? «ሐሙስ ከእንግዲህ ቀርቷል፣ ልጅዎን ይውሰዱ ብለዋል» አልኳቸው።

ኦቦ ተሲሳ ለአፍታ ባርኔጣቸውን አዩ። ከዚያ ወደ ዳይሬክተሩ ዝቅ ብለው እጅ ነሡና «ገለቶማ» አሉ። ዳይሬክተሩ ሲያዩኝ «አመሰግናለሁ አሉ» አልኩ፤ ያን ቀን በትክክል ያስተረጎምኩት የመጨረሻው ቃል እሱ ነው። ዳይሬክተሩ ተነሥተው እጃቸውን ጨበጧቸው። ሁለት ጨዋ ሰዎች፣ አንዱ ምሬያለሁ ብሎ፣ አንዱ ልጄ ተባረረች ብሎ፣ ተመሰጋግነው ተለያዩ። ጋዲሴ አባቷን ተከትላ ወጣች። ከበሩ እስክትደርስ ሁለት ጊዜ ዞር አለች።

ሰኞ ዳይሬክተሩ ክፍል መጥተው ጋዲሴ የታለች አሉ። «አባቷ አስቀሯት፣ አይመልሷትም» አልኳቸው። «የባላገር ነገር» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁና ወጡ። የሐሙስ ፈቃድ አልቀረም። ባርሲሳ ድነው ተነሡ፣ እኛም እስከ ሰኔ በየሐሙሱ ሁለት ሁለት ሆነን ሄድን። ጋዲሴ የት አለች ቢሉኝ ለእሳቸውም ያችኑ መልስ ሰጠኋቸው። አዘኑ። «ድምጿ ለዓይኔ መብራት ነበር» አሉ። ከዚያ ዳስሰው እጄን ያዙና ማህተሟን በደህና ስለጠበቅኩላቸው መረቁኝ። የወላጆች ቀን ደግሞ በጠባይ አንደኛ ተብዬ እስክርቢቶ ተሸለምኩ፤ አባቴ ከመደሰቱ የተነሣ ያን ዕለት ሁለት ሱሪ አሳጥሮ ሰፋ። ጋዲሴ ከፋሲካ በኋላ ወደ አርጆ መዳሯን የሰማሁት ገበያ ውስጥ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሞልቷት ይሆናል። ሽንኩርት እየመረጥኩ ነበር፣ መምረጤን አላቆምኩም።

እኔ ተማርኩ፣ መምህርት ሆንኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። መንግሥት ሲለዋወጥ ሰው ሁሉ አስተርጉሚልኝ እያለ እየጠራኝ ክሊኒክ ውስጥ፣ ፍርድ ቤት ውስጥ፣ ሽማግሌ ፊት ቆሜያለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ስድቡን እንኳ ሳይቀር እንደ ወረደ ነበር የማቀብለው፤ ባልና ሚስት በእኔ ምክንያት ይበልጥ ተጣልተው ያውቃሉ። ሰዉ «አዴ አስቴር ታማኝ ናት» ይላል። ይህን ሲሉ ወዴት እንደምገባ ይጠፋኛል።

ከነቀምቴ አርጆ ሩቅ አይደለም። ጠዋት የተሳፈረ ሰው ምሳውን እዚያ ይበላል። ሩቅ ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬ ነገ ስል ፀጉሬ ነጣ። ያን ቀን ከቢሮው በር ካለው ድንጋይ ላይ ስነሣ ግን ወደ ቤቴ አልሄድኩም፤ መናኸሪያ ገባሁ።

አርጆ ላይ ቤቷን ያሳየኝ የመጀመሪያው የጠየቅኩት ሰው ነው። ባሏ ሞቷል። የልጅ ልጆቿ በግቢው ውስጥ ይራወጣሉ። በረንዳ ላይ ተቀምጣ መነጽር አድርጋ አንዲት ትንሽ ልጅ ፀጉር ትሠራለች። ገና ከአጥሩ በር ስገባ «አስቴር!» አለች። አልጠየቀችም፣ አላመነታችም። ተነሥታ አቀፈችኝ። «አካም ጅርታ? እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? እናት አባትሽ መቼ አረፉ?» ጥያቄው አያልቅም። ገብተን አንጮቴ፣ ያን የወለጋ ሥራ ሥር፣ በቅቤ አቀረበችልኝ፤ ብይ እያለች ቆማ አስጨነቀችኝ። ሰባት ወልዳ አምስቱ እንዳደጉላት፣ ሁሉንም ሴት ወንድ ሳትል እንዳስተማረች፣ ትንሿ ሴት ልጇ ነርስ እንደሆነች አወራችኝ። የምናወራው በልጅነታችን ቋንቋ በኦሮምኛ ነው። ስለ ትምህርት ቤት አንድም አላነሣችም። የመመለሻዬ መኪና ሊሄድብኝ ሆነ።

«ጋዲሴ፣ የመጣሁት ለጥየቃ አይደለም። የምነግርሽ ነገር አለ» አልኳት። «ያን ዓርብ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ዳይሬክተሩ ለአባትሽ ያሉት…»

እጇን አንሥታ አስቆመችኝ። መነጽሯን አወለቀች። ድምጿን አወፍራ፣ ረጋ ብላ፣ ድሮ መምህራኑን ታስመስል እንደነበረችው፣ በጠራ የሸዋ አማርኛ ተናገረች፦

«ሰኞ ካርዷን ይዛ ትምጣ።»

ስንት ዘመን ሙሉ አማርኛውን አልሰማችውም ብዬ ነበር። የተጽናናሁትም በዚሁ ነበር። «ሰምተሽ ነበር?» አልኳት።

«አንቺ ደግሞ! ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ እኮ። ሰባት ዓመት በአማርኛ ተምሬ ነው እዚያ የደረስኩት። መናገሩ አሳፈረኝ እንጂ መስማቱ መች አቃተኝ?»

መምህርት ነኝ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ዝም የሚሉ ልጆች አስተምሬያለሁ። ጋዲሴ ግን ጆሮ እንዳላት አስቤ አላውቅም ነበር። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት፤ ይህንንም መጠየቄ ያሳፍረኛል።

«ለአባቴ ምን ልበል? ጓደኛዬ ዋሸች ብላቸው ከተማውንም ትምህርቱንም አብረው ይረግሙት ነበር። ደግሞ አለቀስሽ። ፈርታ ነው፣ ሲበርድላት ትመጣለች አልኩ። ቤታችንን ታውቂዋለሽ። አባቴም አንቺ ያልሽውን ያምኑ ነበር፤ ዳይሬክተሩ ሐሳባቸውን ለወጡ ብትያቸው ያን ጊዜውኑ ይለቁኝ ነበር። ሰኞ በማለዳ ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሼ፣ ካርዴን ይዤ፣ አጥራችን በር ላይ ቆምኩ።»

«አልመጣሁም» አልኩ።

«አልመጣሽም።»

ውጭ መኪናው ጡሩንባውን ይነፋል። ልጅቷ ግማሽ የተሠራ ፀጉሯን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ታየናለች። ከዚያ ወዲያ ምንም ባልጠይቅ ይሻለኝ ነበር፤ ግን ለዚህ ነው የመጣሁት።

«ስንት ሰኞ ጠበቅሽኝ?» አልኳት።

ጋዲሴ አሰበች። ቁጣ የለባትም፣ የምሯን ልታስታውስ ነበር የምትሞክረው።

«አልቆጠርኩም» አለች። «እሑድ ቀን ዳሩኝ። የማግስቱን ሰኞ አልጠበቅኩም።»